ለጉልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ ሕመም፦ ጄሉን እንዴት ይቀቡ? ክኒኑን መቼ ይውሰዱ?

«ጄሉ አልሠራልኝም» የሚለውን ቅሬታ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከፍኖተ ሰላምም ሰዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጄሉ የምለው ዳይክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ ያለበትን የሚቀባ መድኃኒት ነው፤ ክኒኑ ደግሞ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለው የሚዋጥ ማስታገሻ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ታሪኩ ይመሳሰላል። ጄሉ በጣት ጫፍ ነካ ተደርጎ፣ በቀን አንዴ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ተቀብቷል። ከዚያ ይተውና ክኒን ይጀመራል። ክኒኑ ደግሞ በባዶ ሆድ፣ አንዳንዴም ለወራት ይወሰዳል። መሆን ያለበት ግን ሌላ ነው። ጄሉ በዛ ተደርጎ በትዕግሥት ይቀባል። ክኒኑ ደግሞ ለጥቂት ቀን፣ በጥንቃቄ ይወሰዳል።

ይህ መመሪያ ለአዋቂዎች ነው። ለልጅ ከሆነ ከዚህ ምንም አይሞክሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ደረጃ 1፦ ሕመሙ በቤት የሚያዝ መሆኑን ይለዩ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መገጣጠሚያውን በደንብ ይዩት። በሁለቱም እጅ ይዳብሱት። ከሌላኛው ጉልበት ጋር ያወዳድሩት። ይሞቃል? ቀልቷል? አብጧል?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ጄሉም ክኒኑም ይቅርና ሐኪም ጋ ይሂዱ፦

- አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት ትኩስ ሆኖ፣ ትኩሳትም ካለ። ይህ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል። በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ነገን አይጠብቁ።
- ከወደቁ ወይም ከተመቱ በኋላ እግርዎ ክብደትዎን አልሸከም ካለ።
- ጠዋት ጠዋት ጣቶችዎ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሳስረው ከቆዩና የሁለቱም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ።
- ትኩሳቱ ሄድ መጣ የሚል ከሆነ፣ ሌሊት የሚያልብዎ ከሆነ፣ ያልፈላ ወተትም የሚጠጡ ከሆነ። ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ መገጣጠሚያና ወገብ ያሳምማል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።
- የእግር አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ተነሥቶ አንሶላ እንኳ አላስነካ ካለ። ይህ ሪህ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።

የልጆቹን ነገር ለብቻው ልናገር። ልጅዎ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ አንዴ ጉልበቱን፣ አንዴ ቁርጭምጭሚቱን ካለ፣ «ሲያድግ ነው» ወይም «ብርድ ነው» ብለው አይለፉት። የሩማቲክ ትኩሳት እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሳይታከም ከቀረ የልብን በር ያበላሻል። የሕመም ማስታገሻ ደግሞ ምልክቱን ሸፍኖ ጊዜ ያስፈጃል።

ሌላም በጎጃም የሚያሳስት ነገር አለ። ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ ወረዳዎች በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት አለ፤ ዝሆኔ የሚባለው። እብጠቱ ከመርገጫው ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። የመገጣጠሚያ ሕመም ስላልሆነ ጄል አይነካውም። እሱ የሚፈልገው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ጫማና የጤና ባለሙያ ክትትል ነው።

ለቤት የሚሆነው ሕመም ታዲያ የቱ ነው? ቀስ በቀስ የመጣው ነው። ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ቁልቁለት ሲወርዱና ከበርጩማ ሲነሡ ይሰማል። ጠዋት ቢያስርም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። ዕድሜያቸው ገፋ ባለ ገበሬዎችና እንጀራ ጋጋሪ እናቶች ላይ የሚበዛው ይኸው ነው።

ደረጃ 2፦ ጄል ነው ወይስ ክኒን? በመገጣጠሚያው ይወስኑ

ጄሉ የሚሠራው በቆዳ በኩል ሰርጎ ነው። ስለዚህ መገጣጠሚያው ለቆዳ ቅርብ መሆን አለበት።

ጄል የሚያዋጣባቸው፦ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ የእግር መዳፍ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የእጅ ጣቶች።

ጄል የማያዋጣባቸው፦ ዳሌ፣ በሥጋ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገኝ። ወገብና ትከሻም ላይ ብዙ አይጠብቁበት። ስድስት ሰባት ቦታ በአንዴ የሚያምዎ ከሆነም ጄል አያዋጣም፤ ቱቦውም አይበቃ፣ ኪስም አይችለው።

ጉልበት ወይም እጅ ከሆነ በጄል ይጀምሩ። ይህ የእኔ ምርጫ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበር) መመሪያ ለጉልበት የሚቀባውን በጥብቅ ይመክራል። በ2022 የወጣው የእንግሊዝ መመሪያም ለጉልበት ከክኒኑ አስቀድሞ የሚቀባውን ያስቀምጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጄሉ በአንድ ጉልበት ላይ በታዘዘው መጠን ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ክኒኑ ከሚያስገባው 6 ከመቶ ገደማ ነው። ጨጓራም ኩላሊትም ያን ያህል አይጎዱም።

ከሚከተሉት አንዱ ካለብዎ ክኒኑን በራስዎ አይጀምሩ፦

- የጨጓራ ቁስለት፣ ወይም ቀድሞ ከሆድ የደም መፍሰስ
- የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም
- የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ ስትሮክ
- ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን
- አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስዱ የሚነሣ አስም
- እርግዝና፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ
- ዕድሜ ከ65 በላይ

እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካሉ ጄሉን ከመጀመርዎ በፊትም ባለሙያ ይጠይቁ። አደጋው ያነሰ ነው እንጂ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። እርጉዝ ከሆኑ ሳይጠይቁ ጄሉንም አይቀቡ።

ደረጃ 3፦ ፋርማሲው ውስጥ

1. ቤት ያለዎትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ስሙን ለማስታወስ አይድከሙ፤ ዕቃውን ያሳዩ። ባንኮኒው ፊት እንዲህ ዓይነት ንግግር ይበዛል፦

«እማማ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?»
«ኧረ ምንም የለኝ ልጄ።»
«የግፊትስ?»
«እሱማ አለ፤ እሱን ሁልጊዜም እውጠዋለሁ።»

የግፊት ክኒን በየቀኑ ስለሚወሰድ ብዙ ሰው ከመድኃኒት አይቆጥረውም። እዚህ ላይ ግን ወሳኙ እሱ ነው። ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት ክኒንና እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት እየወሰዱ የዳይክሎፌናክ ወይም የአይቡፕሮፌን ክኒን ቢጨምሩ፣ ሦስቱ ተደራርበው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ግፊቱም አልወርድ ሊል ይችላል።

2. ቱቦው ላይ የተጻፈውን ያስነብቡ። የሚፈልጉት «ዳይክሎፌናክ» የሚለውን ነው። 1 ከመቶ እና 1.16 ከመቶ የሚሉት አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የአጻጻፍ ነው። 2.32 ከመቶ የሚል ካጋጠመዎ እሱ እጥፍ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀባል። ሜንቶል፣ ካምፎር ወይም ሜቲል ሳሊሲሌት ብቻ ያለበት ቅባት ደግሞ ቆዳን ያቀዘቅዛል፣ ያሞቃል እንጂ ዳይክሎፌናክ የለውም። እንደ ታይገር ባልም ያለውን ገዝቶ «የጉልበት ጄል ቀብቼ አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

3. ግራሙን ይዩ። 20፣ 30፣ 50 ወይም 100 ግራም ሊሆን ይችላል። ለጉልበት 20 ግራም ቶሎ ያልቃል።

4. የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 2018 ላይ ሆነው 2025 የሚል ቢያዩ ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስላል። ግን ወይ አልቋል ወይ ሊያልቅ ነው። ባለሙያውን «በእኛ አቆጣጠር መቼ ያበቃል?» ብለው ይጠይቁና ቱቦው ላይ በእስክሪብቶ ያስጽፉ።

5. በወረቀት የተጠቀለለ፣ ስም የሌለው ክኒን አይቀበሉ። ከገበያም ከሱቅም አይግዙ። በተለይ «አንዴ ዋጥ ቢያደርጉት እንደ ልጅ ያስሮጣል» ከተባለ ይጠርጥሩ። ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሪድኒሶሎን የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ያለ ሐኪም ሲቆዩ ስኳር ያስነሣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ፣ ድንገት ሲቋረጡም አደጋ አላቸው።

ደረጃ 4፦ መጠኑን ይለኩ

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለው ያንብቡት።

በ1 ከመቶው ጄል፣ ለአንድ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ወይም የእግር መዳፍ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ግራም ይቀባል። ለአንድ ክርን፣ የእጅ አንጓ ወይም የእጅ መዳፍ 2 ግራም ነው። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ።

4 ግራም ስንት ነው? ከልጆች ሽሮፕ ጋር የሚመጣውን 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ማንኪያ ያውጡ። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው 4 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው 2 ግራም ይሆናል። መጀመሪያ ቀን በማንኪያው ለክተው መዳፍዎ ላይ ያድርጉትና ዓይንዎ ይልመደው። ከዚያ በኋላ በግምት ይሆናል። ማንኪያውን በሳሙና አጥበው ለይተው ያስቀምጡ፤ ለልጅ መድኃኒት መልሰው አይጠቀሙበት።

በቱቦውም ማረጋገጥ ይችላሉ። አንድ ጉልበት በ4 ግራም እየተቀባ 30 ግራም ቱቦ ሰባት ጊዜ ያህል ነው የሚበቃው። በቀን ሦስት ጊዜ ከቀቡ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ያው 30 ግራም አንድ ወር ከቆየልዎ የቀቡት መድኃኒት ሕመሙ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ እንዲህ ይወስኑ፦ አንድ ቱቦ ገዝተው ጉልበትም፣ ወገብም፣ ትከሻም፣ አንገትም ላይ አይበትኑት። ከሁሉ የበለጠ ሥራ ያስፈታዎትን አንድ መገጣጠሚያ ይምረጡ። ለጉልበት በአንድ ጊዜ 2 ግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቢቀቡ 30 ግራሙ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ ይህም ከሚመከረው ዝቅተኛ መጠን ሳይወርዱ ነው። ከዚያ በታች ግን አይውረዱ።

ጣሪያውም አለ። ሁሉም ቦታ ተደምሮ በቀን ከ32 ግራም አይለፉ።

ደረጃ 5፦ አቀባቡ

1. ቦታውን ይታጠቡና ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። ከእርሻ የተመለሱ ከሆነ አቧራውና ላቡ ይውጣ። ቅቤ ወይም ቫዝሊን ተቀብተው ከነበረ በሳሙና ያስለቅቁት፤ ጄሉን አያሳልፍም።
2. ቆዳውን ይዩ። ቁስል፣ ጭረት፣ ሽፍታ ወይም ንቃቃት ካለ እዚያ ላይ አይቀቡ።
3. የለኩትን ጄል ይከፋፍሉ። ለጉልበት ግማሹን ከፊት፣ ሩቡን በግራ ጎን፣ ሩቡን በቀኝ ጎን ያድርጉ። ሕመሙ ያለበት ነጥብ ላይ ብቻ አይከምሩት፤ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ያዳርሱት።
4. በመዳፍዎ ቀስ እያሉ ያሹት። ነጩ ነገር እስኪጠፋ ይበቃል። እንደ ወጌሻ ጠንክሮ ማሸት አያስፈልግም፤ ያበጠን መገጣጠሚያ ያብሰዋል።
5. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የታመመው እጅዎ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ይቆዩና ይታጠቡ። በዚያ ሰዓት ዓይንዎን አይንኩ፣ ሊጥ አያቡኩ፣ ሕፃን አይያዙ። ለዚህ ነው ለጋጋሪ እናቶች አንዱን ቅባት ማታ የወጥ ቤት ሥራ ካለቀ በኋላ እንዲያደርጉት የምመክረው።
6. 10 ደቂቃ ይጠብቁና ልብስ ይልበሱ።
7. ለአንድ ሰዓት ውኃ አያስነኩት። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ከጠበሉ በፊት አይቀቡ። ተጠምቀው፣ ቆዳዎ ሲደርቅ ይቀቡ።

አይደረግም፦

ጄሉን ቀብተው ጉልበትዎን በሻሽ ወይም በፌስታል ጠምጥመው አያስሩ። በላዩ ላይ ትኩስ ጨርቅ አያድርጉ። ቀብተው ምድጃ ዳር አይቀመጡ፤ ሙቀት መድኃኒቱን ከሚፈለገው በላይ ያስገባል፣ ቆዳም ያቆጣል። ጨርቅ ላይ የደረቀ ቅባት እሳት ስለሚይዝም ይጠንቀቁ። በአንድ ጊዜ ሌላ ቅባት አይደርቡ።

ቁምጣ ለባሽ ገበሬ ከሆኑ ይህችን ልብ ይበሉ። ዳይክሎፌናክ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ሊቆጣና ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። እርሻ በሚውሉበት ቀን ወይ ሱሪ ይልበሱ፣ ወይ ጉልበቱን በሰፊና ስስ ጨርቅ ይከልሉ። ካልሆነም የቀኑን ቅባት ከሥራ መልስ ያድርጉት።

ደረጃ 6፦ ሰዓት ይያዙ፣ ሰባት ቀን ይታገሡ

«ሲያመኝ ብቻ እቀባለሁ» አይሠራም። ለቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦ ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት ሳይወጡ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ማታ 3 ሰዓት ከመተኛትዎ በፊት። የቀኑ ሰዓት የማይመች ከሆነ ከሥራ ሲገቡ ያድርጉት። አንዱ ቢያልፍዎ ቀጣዩን በሰዓቱ ይቀቡ እንጂ እጥፍ አያድርጉ።

ሙሉ ጥቅሙ እስኪሰማ እስከ ሰባት ቀን ሊወስድ ይችላል። በሁለተኛው ቀን አይወስኑ። በየማታው አንድ ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ከበርጩማ ስነሣ እንዴት ነበር? ትናንት በሁለት እጅ ተደግፈው ዛሬ በአንድ ከተነሡ ጄሉ እየሠራ ነው።

በዚህ መሐል ሕመሙ ከከበደ ፓራሲታሞል መጨመር ይቻላል፤ ከጄሉ ጋር አይጋጭም። 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት፣ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፉ። ጉበትዎ የታመመ ከሆነ ወይም መጠጥ የሚያበዙ ከሆነ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ባለ 1 ከመቶውን ጄል ያለ ሐኪም ከ21 ቀን በላይ በተከታታይ አይቀቡ።

ደረጃ 7፦ ክኒን ካስፈለገ

ሰባት ቀን በትክክል ቀብተው ካልተሻለዎ፣ ወይም ሕመሙ ዳሌ ላይ ከሆነ፣ በደረጃ 2 ያለው ዝርዝርም የማይመለከትዎ ከሆነ፣ ክኒን ይታሰባል። ጄሉን ያቁሙ። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

አንድ ዓይነት ብቻ ይምረጡ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን፣ ሜሎክሲካም፣ አስፕሪን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱን መደረብ ማስታገሻውን አያጠነክርም፤ የሆድ መድማቱን አደጋ ነው የሚጨምረው። ዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግተው በዚያው ቀን ያንኑ መዋጥም ያው መደረብ ነው። «መርፌ ከሄደ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም ስሕተት ነው። መድኃኒቱ በደም ዞሮ የጨጓራን መከላከያ ያዳክማል፤ በየት እንደገባ ለውጥ የለውም።

የአወሳሰዱ ቅደም ተከተል፦

1. መጀመሪያ ይብሉ። አንድ ጉርሻ አይበቃም። እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎም ቢሆን ጠገብ ብለው።
2. ክኒኑን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡ። በጠላ ወይም በአረቄ አይዋጡ፤ መድኃኒቱን በሚወስዱበት ሰሞን አረቄ ጭራሽ ይቅር።
3. ዳይክሎፌናኩ የተሸፈነ ከሆነ አይስበሩት፣ አያኝኩት።
4. ወዲያው አይተኙ። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስል ይችላል።
5. ቀኑን ሙሉ ውኃ ይጠጡ። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው በሙቀት የሚሠሩ ከሆነ በተለይ። ውኃ ያነሰው ሰውነትና ይህ ክኒን ሲገናኙ የሚጎዳው ኩላሊት ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎ ክኒኑን ያቁሙ።

መጠኑ፦ አይቡፕሮፌን 200 ወይም 400 ሚሊ ግራም፣ በቀን እስከ 3 ጊዜ። ያለ ሐኪም በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፉ። ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል፤ በቀን ከ150 አይበልጥም። በሚበቃዎ ትንሹ መጠን ይጀምሩ። ጋብ ሲልልዎ ያቁሙ። ባይሻልዎም ያለ ሐኪም ከ10 ቀን አይዝለቁ።

*በጾም ወራት*

በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፣ በሰሙነ ሕማማት ይሰገዳል፣ ጉልበት ይብሳል። ሆዱ ባዶ ሳለ ክኒን ይዋጣል። ይህን አያድርጉ። መጀመሪያ ወደ ጄሉ ይመለሱ፤ ሆድ ባዶ መሆኑ ለጄሉ ችግር አይደለም። ክኒኑ ግድ ከሆነ የጠዋቱን ይተዉት። አንዱን ከቀኑ 9 ሰዓት ከበሉ በኋላ፣ ሌላውን ማታ ራት በልተው ይውሰዱ። የቀረውን የጠዋት መጠን ከቀትር በኋላው ላይ አይደርቡ። ሐኪም ያዘዘልዎትና ሰዓቱ የማይነካ መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ለነፍስ አባትዎ ጉዳዩን በግልጽ ይንገሩ። ስግደቱንም ሆነ የጾም ሰዓቱን በተመለከተ ለታመመ ሰው መላ አያጡም። ቆመው በሚያስቀድሱበት ጊዜ መቋሚያ ይያዙ፤ ካልቻሉ ይቀመጡ።

ደረጃ 8፦ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር

*ጄሉ ከተቀባበት ቦታ ላይ ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ውኃ ከቋጠረ፦* በሳሙና ይጠቡት፣ ያቁሙ። በሌላ ስም የሚሸጥ የዳይክሎፌናክ ጄልም አይሞክሩ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጊዜ አይስጡት፤ ወደ ቅርቡ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

*ዓይን ውስጥ ከገባ፦* በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠቡ። መቅላቱ ካልለቀቀ ይታዩ።

*ልጅ ጄሉን ከላሰ ወይም ክኒኑን ከዋጠ፦* አያስመልሱት። ቱቦውን ወይም ማሸጊያውን ይዘው ጤና ተቋም ይውሰዱት።

*ሰባት ቀን ቀብተው ምንም ለውጥ ከሌለ፦* አራት ነገር ይመርምሩ። መጠኑ ደርሷል? በቀን ሦስት ጊዜ ነበር? ቱቦው ላይ ዳይክሎፌናክ የሚል አለ? ሕመሙ በርግጥ ከጉልበቱ ነው? የመጨረሻው ያስገርማል፤ የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ይሰማል። እግርዎን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲያዞሩ ብሽሽትዎን ካመመዎ ጄል ጉልበት ላይ ማፍሰሱን ትተው ሐኪም ያማክሩ።

*ክኒኑ ሆድዎን ካቃጠለ፦* ያቁሙ። ወተት ጠጥተው ወይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል በራስዎ ጨምረው አይቀጥሉ። ኦሜፕራዞል አብሮ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ያን ግን ሐኪሙ ይወስን።

*አንድ መጠን ካመለጠዎ፦* ይተዉት። በሚቀጥለው እጥፍ አይውሰዱ።

*ሰገራ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስታወክዎ፦* ሆድ ውስጥ እየደማ ነው። ሆድዎን ባያምዎም። ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፤ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ርቀው ከሆነ በቅርብ ካለው ሆስፒታል ይጀምሩ።

*እግር ካበጠ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፦* ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ።

ደረጃ 9፦ ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚይዙት

ቱቦውን፣ የክኒኑን ማሸጊያና የግፊቱን መድኃኒት በፌስታል ይያዙ። ባዶም ቢሆን አይጣሉት፤ ስሙ እሱ ላይ ነው። ስንት ቀን ቀቡ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ቱቦ አለቀ የሚለውን ይንገሩ። ክኒን ከወሰዱም ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ከሱቅ የተገዛውንም፣ ጎረቤት ያካፈለዎትንም፣ ወጌሻ የሰጠዎትንም። ክኒኑን ለሳምንታት ወስደው ከነበረ የኩላሊት ምርመራና የደም ግፊት ልኬት ይጠይቁ። ለመጎንበስና ለመቀመጥ የሚከብድዎትን ሥራም ይጥቀሱ፤ ጤፍ ማረም ነው? ማጨድ? ምጣድ ፊት ቁጢጥ ማለት? ለጉልበት የሚሰጠው የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ የሚመረጠው በዚያ ነው። እንቅስቃሴውን ሲያሳዩዎት እዚያው ፊታቸው ሠርተው ያሳዩ። ካልተስተካከለ ሳያፍሩ ይድገሙት።